ሳይክል ላይ እቃ ሲጫን አነዳዱ ምን ይሆናል

ባህር ዳርና ሀዋሳ ሜዳ ስለሆኑ ሳይክል እዛ የስራ እቃም ነው፣ ጀሪካኑም ከረጢቱም ኋላ ላይ ታስሮ ይሄዳል። ሰው ሲጭን መጀመሪያ የሚያስበው ስንት ኪሎ ይችላል የሚለውን ነው፣ ግን ከኪሎው ይልቅ እቃው የተቀመጠበት ቦታና አስተሳሰሩ ናቸው አነዳዱን የሚወስኑት፣ ጥብቅ ብሎ የታሰረ 15 ኪሎ ከሚወዛወዝ 5 ኪሎ ይሻላል።

ሳይክል ቆሞ የሚሄደው ነጂው ሳይታወቀው መሪውን ወዳዘነበለበት ጎን በትንሽ በትንሹ እያዞረ ስለሚያቀናው ነው። ስለዚህ ይሄን የማቅናት ስራ የሚያዘገይ ወይም የሚረብሽ ጭነት ሁሉ ይከብዳል፣ በተለይ ቀስ ሲባል፣ ሲነሱና ሲወርዱ።

ብዙ ሰው ኋላ ነው የሚጭነው፣ መሪው ቀላል እንደሆነ ስለሚቆይ መጀመሪያ ምንም የተለወጠ አይመስልም። ችግሩ የኋላ ጎማ ባዶውንም ከግማሽ በላይ ክብደቱን የተሸከመ ነው፣ እላዩ ላይ ሲጨመር ጎማው ይተኛል፣ ሽቦዎቹ ይበጠሳሉ፣ ዳገት ላይ ደሞ ፊቱ ቀሎ መሪው ወዲያና ወዲህ ይላል። ከፍ ብሎ የተከመረ ከሆነ ኩርባ ላይ ጅራቱ ዘግይቶ ይከተላል። ለዚህ ነው ረጅም መንገድ የሚጓዙ ሰዎች ጎንና ጎን ዝቅ ብለው የሚንጠለጠሉ ቦርሳዎችን የሚመርጡት፣ ተረከዝ እንዳይነካቸው ብቻ ወደኋላ ይደረጋሉ። ውሃ ከሆነ ግን ልብ በሉ፣ ግማሽ ጀሪካን ከሙሉው ይብሳል፣ ምክንያቱም ውሃው ውስጡ እየተላጋ ነጂው ካቀናው በኋላም ይገፋል።

ፊት ላይ ሲሆን መሪው ራሱ ይከብዳል፣ ቀስ ብሎ ይዞራል፣ ከዞረ ደሞ መመለሱ ያስቸግራል። ዝቅ ብሎ ከጎማው ግራና ቀኝ እኩል ከተከፈለ ግን ሰው እንደሚፈራው አይደለም፣ እንደውም የረጋ ነው። መሪ ላይ ፌስታል ማንጠልጠል ግን በፍፁም፣ እየተወዛወዘ መሪውን ይጎትታል፣ ሽቦው ውስጥ ከገባ ደሞ ጎማው ይቆልፍና ነጂውን በፊቱ ይጥለዋል።

ሌላው አለም ይሄን በአሰራር ነው የፈታው። ኔዘርላንድስ ውስጥ የፊት መጫኛው ብዙ ጊዜ ቴላዮው (የሳይክሉ ዋና አካል) ላይ ነው የሚታሰረው እንጂ ከመሪው ጋር አይዞርም፣ የዴንማርኮቹ ሎንግ ጆን የሚባለው የጭነት ሳይክል ደሞ ጭነቱን በመሪውና በፊት ጎማ መሀል መሬት አካባቢ ያስቀምጣል። ቬትናሞች በፈረንጆች 1954 ለዲየን ቢየን ፉ ጦርነት ከ200 ኪሎ በላይ በሳይክል ሲያጓጉዙ እየነዱት አልነበረም፣ መሪው ላይ ረጅም ቀርከሃ አስረው በእግራቸው እየገፉ ነው፣ እንደዛ ያለ ጭነት ተቀምጦ ማቅናት አይቻልማ።

ፍሬን ላይ ሂሳቡ ቀላል ነው። ሰውና ሳይክል 80 ኪሎ ቢሆኑና 20 ቢጨመር በዛው ፍጥነት ለማቆም ሩብ ያህል ተጨማሪ ጉልበት ያስፈልጋል፣ ቁልቁለት ላይ ቀድሞ መያዝ ነው።

ከሁሉ የሚያስፈራው ቁልቁለት ላይ በፍጥነት ሲኬድ መሪው በራሱ መንቀጥቀጥ የሚጀምረው ነው፣ ኋላ ከፍ ብሎ ሲጫንና ቴላዮው ሲለመጥ ይመጣል። ያኔ መሪውን ጨምድዶ መያዝ ያብሰዋል፣ እጅን ላላ፣ ከኮርቻ ትንሽ ነሳ ብሎ ጉልበትን የላይኛው ብረት ላይ አስደግፎ ፍሬኑን በዝግታ መያዝ ነው፣ ከቆሙ በኋላ ደሞ ጭነቱን ፈቶ ዝቅ አድርጎ እንደገና ማሰር።