ሌተንሲ ምንድን ነው? ቁልፉ ተነክቶ ድምፁ የሚዘገየው ለምንድን ነው?

ኪቦርድ በዩኤስቢ ላፕቶፕ ላይ ሰክቶ፣ ነፃ የሶፍትዌር ሲንተሳይዘር፣ ማለትም የመሣሪያ ድምፅ የሚያወጣ ፕሮግራም፣ ጭኖ መጫወት ዛሬ ብዙ ወጪ አይጠይቅም። ጣጣው የሚጀምረው ቁልፉ ሲነካ ነው፤ ድምፁ አብሮ አይወጣም። ቀስ ባለ ዜማ ላይ ችላ ሊባል ይችላል። ችክችካ ላይ ግን ግራ እጅና ቀኝ እጅ ይጣላሉ፣ ተጫዋቹም ሳይታወቀው ሪትሙን እየጎተተ ይሄዳል። ቁልፉ ከተነካበት ቅጽበት አንስቶ ድምፁ እስኪወጣ ድረስ ያለው ይህ መዘግየት ሌተንሲ ይባላል። የሚለካውም በሚሊሰከንድ፣ ማለትም በሰከንድ አንድ ሺህኛ ነው።

ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚጠረጥረው ሳውንድፎንቱን፣ ማለትም ፕሮግራሙ የመሣሪያዎቹን ድምፅ የሚያገኝበትን ፋይል ነው። «ፋይሉ ከብዶት ነው» ብሎ ትልቁን አውጥቶ ትንሹን ያስገባል፤ ለውጥ የለም። ቀጥሎ ራም ያስጨምራል፤ አሁንም ያው ነው። ገንዘብ ከማውጣት በፊት ግን ነገሩን ከጣት ጀምሮ እስከ ስፒከር ድረስ መከተል ይሻላል።

ከኪቦርዱ የሚወጣው ድምፅ አይደለም፤ መልእክት ነው። የመልእክቱ ሥርዓት ሚዲ ይባላል። የሲኩዌንሻል ሰርኪትስ መሥራች ዴቭ ስሚዝና የሮላንድ መሥራች ኢኩታሮ ካኬሃሺ ግንባር ቀደም ሆነው የሠሩት ሲሆን በ1983 (እ.ኤ.አ.) ሥራ ላይ ዋለ። አንድ ቁልፍ ሲነካ የሚላከው ሦስት ባይት ብቻ ነው፦ ቁልፍ መነካቱንና ቻናሉን፣ የትኛው ኖታ እንደሆነ፣ በምን ያህል ኃይል እንደተመታ። በቀድሞው ባለ አምስት ፒን ኬብል በሰከንድ 31,250 ቢት ያልፋል፤ ስለዚህ አንዲት ኖታ ለመድረስ አንድ ሚሊሰከንድ ገደማ ይበቃታል። ኬብሉ ከተጠርጣሪነት ይወጣል ማለት ነው።

መልእክቱን የሚቀበለው የሶፍትዌር ሲንተሳይዘሩ ነው። እሱ ደግሞ ድምፁን የሚያገኘው ከሳውንድፎንት ነው። ሳውንድፎንት ማለት የመሣሪያዎች የተቀዳ ድምፅ፣ የቱ ቅጂ ከየትኛው ቁልፍ እስከ የትኛው እንደሚያገለግል ከሚገልጽ መመሪያ ጋር የተቀመጠበት ፋይል ነው። ነገሩ በሰፊው የታወቀው ክሪኤቲቭና ኢ-ሙ በ1994 ባወጡት ሳውንድ ብላስተር ኤደብሊውኢ32 በተባለ ካርድ ነው። ያኔ ካርዱ ላይ ለዚህ ሥራ የነበረው ራም 512 ኪሎባይት ነበር። ዛሬ በነፃ የሚገኘው ፍሉይድ አር3 ብቻውን ከ100 ሜጋባይት ይበልጣል። ፋይሉ ግን በብዙዎቹ ፕሮግራሞች ላይ ገና ሳንጫወት ወደ ራም ይገባል። አንዴ ከገባ በኋላ ኖታዋን ከትልቅ ፋይል ማውጣትና ከትንሽ ፋይል ማውጣት ለጆሮ ልዩነት የለውም። ትልቅ ሳውንድፎንት ፕሮግራሙ ሲከፈት ያስጠብቃል፤ ጣት ሲነካ አያስጠብቅም።

ሳውንድፎንቱ በእውነት ጥፋተኛ የሚሆንበት አንድ ቦታ ግን አለ፣ እኛን ደግሞ በቀጥታ ይነካናል። በ1991 የወጣው ጄኔራል ሚዲ የሚባለው የጋራ የመሣሪያዎች ዝርዝር 128 መሣሪያዎች አሉት። የጃፓኑ ኮቶና ሻሚሰን፣ የሕንዱ ሲታር፣ ካሊምባ ሳይቀር ገብተዋል፤ ክራር፣ ማሲንቆና ዋሽንት የሉም። ስለዚህ የፈለገ ሰው ክራሩን ራሱ ቀድቶ ሳውንድፎንት ይሠራል። ቀረጻው ሲጀመርና ክሩ ሲመታ መካከል ትንሽ ፀጥታ መኖሩ አይቀርም። ያ ፀጥታ 40 ሚሊሰከንድ ከሆነ፣ ከዚያ በኋላ የሚነካው ቁልፍ ሁሉ 40 ሚሊሰከንድ ይዘገያል፤ የትኛውም ሴቲንግ አያድነውም። መፍትሔው ፖሊፎን በመሰለ ነፃ ፕሮግራም ሞገዱን አጉልቶ ማየትና ክሩ መንቀጥቀጥ እስከሚጀምርበት ድረስ ያለውን ጠፍጣፋ መስመር ቆርጦ ማውጣት ነው። (እዚያው ላይ እያንዳንዱን ድምፅ በሴንት፣ ማለትም በግማሽ ድምፅ አንድ መቶኛ፣ ከፍና ዝቅ ማድረግ ይቻላል። በአንቺሆዬ የተቃኘ ክራር በግድ ወደ ፒያኖ ቅኝት መጎተት የለበትም።)

ይህ ካልሆነ፣ ጊዜው የሚበላው በፈር በሚባለው ማጠራቀሚያ ላይ ነው። ሳምፕል ሬቱ 44,100 ሲሆን ኮምፒውተሩ ለአንድ ሰከንድ ድምፅ 44,100 ቁጥሮች ያዘጋጃል፤ እያንዳንዱ ቁጥር ሳምፕል ይባላል። አንድ በአንድ ግን አይልካቸውም፤ በፈሩ ውስጥ ያከማቻል፣ ሲሞላ በአንድ ጊዜ ወደ ሳውንድ ካርዱ ይለቃል። ሳይሞላ እንደማይነሳ ታክሲ ነው፦ ሚኒባስ ቶሎ ሞልቶ ይሄዳል፣ ሃይገር ግን ገና ብዙ ሰው ይጠብቃል፤ ቀድሞ የገባውም አብሮ ይጠብቃል።

ስሌቱ ቀላል ነው፤ የበፈሩን መጠን ለሳምፕል ሬቱ ማካፈል። 256 ሳምፕል በ44,100 ሲካፈል 5.8 ሚሊሰከንድ ይመጣል፣ 1024 ከሆነ 23 ገደማ። በፈሩ ደግሞ ብዙ ጊዜ አንድ ብቻ አይደለም፤ ተደራርቦ ነው የሚቀመጠው። ፍሉይድሲንት የተባለውን ነፃ ሲንተሳይዘር እንይ። ምንም ሳይነካ ሊኑክስ ላይ ሲከፈት 64 ሳምፕል የሚይዙ 16 በፈሮች ይጠቀማል፤ ድምሩ 1024፣ ማለትም 23 ሚሊሰከንድ። ዊንዶውስ ላይ ሲከፈት ግን 512 የሚይዙ 8 በፈሮች ነው፤ ድምሩ 4096፣ ማለትም 93 ሚሊሰከንድ። ያው ፕሮግራም፣ ያው ሳውንድፎንት፣ ያው ላፕቶፕ፣ መዘግየቱ ግን አራት እጥፍ! ሁለቱን ቁጥሮች 256 እና 2 ማድረግ ከየትኛውም አዲስ ራም ይበልጣል።

ታዲያ ለምን ትንሹን መርጦ መገላገል አይቻልም? በፈሩ ባነሰ ቁጥር ፕሮሰሰሩ ቶሎ ቶሎ መሙላት አለበት። አንዴ ከዘገየ ድምፁ ይቆራረጣል፣ ይንጫጫል። ይህ የሚሆነው ላፕቶፑ ደካማ ስለሆነ ብቻ አይደለም፤ ብዙ ጊዜ የዋይፋይ ድራይቨር፣ ማለትም ዋይፋዩን የሚያሠራው ፕሮግራም፣ ነው መሀል ገብቶ ፕሮሰሰሩን የሚይዘው። ዋይፋዩን አጥፍቶ፣ ቻርጀሩን ሰክቶ መሞከር ምንም አያስወጣም።

ዊንዶውስ ላይ የሚጫወት ሰው አንድ ተጨማሪ ነገር ይገጥመዋል። ከዊንዶውስ ጋር አብሮ የሚመጣው የማይክሮሶፍት ጂኤስ ዌቭቴብል ሲንት የሚዲ ፋይል ከፍቶ ለመስማት እንጂ በእጅ ለመጫወት አይሆንም፤ መዘግየቱ በግልጽ ይሰማል፣ የሚቀነስበት ሴቲንግም የለውም። ከዚያ ሌላ ዊንዶውስ የሁሉንም ፕሮግራሞች ድምፅ አንድ ላይ ስለሚያደባልቅ በዚያም ጊዜ ይባክናል። ስታይንበርግ የተባለው የሙዚቃ ሶፍትዌር ኩባንያ በ1997 ያወጣው ኤሲዮ የሚባለው ድራይቨር ይህንን ዘልሎ ፕሮግራሙን ከካርዱ ጋር በቀጥታ ያገናኛል። ኦዲዮ ኢንተርፌስ፣ ማለትም ከውጭ የሚሰካ ሳውንድ ካርድ፣ የገዛ ሰው ከአምራቹ የመጣውን ኤሲዮ ይጫን። ያልገዛ ደግሞ ኤሲዮ4ኦል የሚባለውን በነፃ ያገኛል። ማክ ላይ ኮር ኦዲዮ ይህን ሥራ ከመጀመሪያውም ይሠራል፤ ሊኑክስ ላይ ጃክ ወይም ፓይፕዋየር አለ።

ስንት ሚሊሰከንድ ይበቃል? ድምፅ በአየር ላይ አንድ ሜትር ለመሄድ ሦስት ሚሊሰከንድ ያህል ይፈጅበታል። መድረክ ላይ ከስፒከሩ ሦስት ሜትር ርቆ የቆመ ጊታሪስት 9 ሚሊሰከንድ ዘግይቶ ይሰማል፣ ሆኖም ማንም ሲያማርር አይሰማም። በእኔ ግምት እስከ 10 ድረስ ያለው ለማንኛውም ተጫዋች ይመቻል። ከ20 ሲያልፍ ከበሮና ፒያኖ ላይ ይታወቃል፤ ስትሪንግ ላይ ግን ድምፁ ራሱ ቀስ ብሎ ስለሚነሳ ብዙም አይረብሽም። ስለዚህ 64 ሳምፕል ለማግኘት ሌሊቱን ሙሉ መታገል አያስፈልግም። ይልቁንም መዘግየቱ አንዴ 8፣ አንዴ 30 እያለ ከተለዋወጠ እሱ ነው ክፉው፤ እጅ ቋሚ መዘግየትን ይለምዳል፣ የሚዋዥቀውን ግን መልመድ አይችልም።

ፕሮግራሙ የሚያሳየው ቁጥር ሁልጊዜ እውነቱን ሁሉ አይናገርም። በራስ መለካት ይሻላል፦ ስልክን ከኪቦርዱና ከስፒከሩ መካከል አስቀምጦ ድምፅ መቅዳት፣ አንዱን ቁልፍ ጠንከር አድርጎ መምታት፣ ቅጂውን ኦዳሲቲ በተባለው ነፃ የድምፅ ማረሚያ ፕሮግራም ላይ መክፈት። መጀመሪያ የፕላስቲኩ ኳታ እንደ ቀጭን መስመር ብቅ ይላል፣ ቀጥሎ የፒያኖው ሞገድ። በሁለቱ መካከል ያለውን በማውዝ መርጦ ርዝመቱን ማንበብ ነው። ውጤቱ ከ100 በላይ ከሆነና የምታዳምጡት በብሉቱዝ ከሆነ ሌላ ነገር አትፈልጉ፤ ብሉቱዝ ብቻውን ያን ያህል ሊያዘገይ ስለሚችል በሽቦ ቀይሩት።

ኖታውን በማውዝ እያስገባ ለሚያቀናብር ሰው ወይም የተዘጋጀ ሚዲ ፋይል ለሚያዳምጥ ግን ይህ ሁሉ አያሳስብም። ጣቱ ድምፁን አይጠብቅምና በፈሩን 2048 ላይ ትቶ ያለ መቆራረጥ ይሥራ፤ ወደ 256 መመለስ ያለበት ቁልፍ ነክቶ ሲቀዳ ብቻ ነው።