ፕሬሪ ምንድን ነው? ባዶ ሜዳስ አይደለም

ሰሞኑን አንድ ሰው ስለ ሰሜን አሜሪካው ፕሬሪ ሲጽፍ «ደኑ ተመንጥሮ ያለቀ ባዶ ሜዳ ነው፣ ዛፍ ቢተከልበት ያገግማል» ሲል አየሁ። ስንተኛዬ እንደሆነ እንጃ። አሁንስ በዛ።

ወዳጄ፣ ፕሬሪ ዛፍ የጎደለው ጫካ አይደለም። ድርቅ፣ እሳትና ግጦሽ አንድ ላይ ሆነው የሠሩት ራሱን የቻለ የሳር ምድር ነው። ሀብቱ ደግሞ ከመሬት በታች ነው ያለው።

በኪስና በባንክ ላስረዳ። ዛፍ አብዛኛውን ገንዘቡን ኪሱ ውስጥ ይዞ የሚዞር ሰው ነው፤ ግንዱም ቅርንጫፉም ላይ ነው ያለው። የፕሬሪ ሳር ግን የዕለት ወጪውን ብቻ ይዞ የቀረውን ባንክ ያስገባል። ባንኩ ሥሩ ነው። ቢግ ብሉስቴም የሚባለው ረጅም ሳር ሥሩ ሁለት ሦስት ሜትር ይወርዳል። እሳት ቢመጣ የሚነደው የኪሱ ነው፣ ባይሰን (ጎሽ የሚመስለው የሰሜን አሜሪካ የዱር እንስሳ) ቢግጠውም እንደዚያው። ሜዳው ከተቃጠለ ከቀናት በኋላ ጎንበስ ብላችሁ አመዱን በጣት ገለጥ ብታደርጉ፣ እንደ መርፌ ጫፍ የቀጠነ አረንጓዴ ቡቃያ ታገኛላችሁ። የሚያቆጠቁጥበት ቦታ አፈር ውስጥ ስለሆነ እሳቱ አልደረሰበትም። እዚያው አጠገብ የበቀለ ትንሽ የጥድ ችግኝ ግን አንዴ ከነደደ አለቀለት። (እንጨታማ ተክል ሁሉ እንዲህ ነው ማለቴ አይደለም፤ ከሥሩ መልሶ የሚያቆጠቁጥ ቁጥቋጦ ሞልቷል፣ እሱን በእሳት ብቻ ማስወጣት ከባድ ነው።)

ለዚህ ነው እንደ ኦሴጅና ካንሳ ያሉ የአካባቢው ነባር ሕዝቦች ሜዳውን ሆን ብለው ያቃጥሉ የነበረው። እሳቱ ሲቀር ጥዱ ይገባል። ጥዱ ሲገባ ክፍት ሜዳ የለመደው የፕሬሪ ቆቅ ቦታውን ለቆ ይሄዳል። ዛፍ እንትከል ማለት ይህንኑ በገዛ እጅ ማፋጠን ነው።

ማረሻ ግን ኪስ አይበረብርም፣ ባንኩን ነው የሚሰብረው። ጆን ዲር የሚባል አንጥረኛ እ.ኤ.አ. በ1837 ኢሊኖይ ውስጥ ያ ተጣባቂ ጥቁር አፈር የማይዘው የአረብ ብረት ማረሻ ሠራ። ከዚያ በኋላ 170 ሚሊዮን ኤከር ገደማ ከነበረው የረጅም ሳር ፕሬሪ የተረፈው ከ4 በመቶ በታች ነው። በአሥር ሚሊዮኖች ይቆጠር የነበረው ባይሰንም በዚያው ክፍለ ዘመን መጨረሻ አካባቢ አንድ ሺህ ገደማ ብቻ ቀርቶ ነበር፤ እሱን የጨረሰው ግን በዋናነት ጠመንጃ እንጂ ማረሻ አይደለም።

ሳሩ መልሶ ቢዘራስ? አካውንት ተከፈተ እንጂ ገንዘቡ ተመለሰ ማለት አይደለም። አፈሩ ሲታረስ ያጣውን ካርቦን መልሶ ለማጠራቀም ብዙ አሥርት ዓመታት ይፈልጋል።

ከተረፈው አብዛኛው ያለው ካንሳስ ውስጥ፣ ፍሊንት ሂልስ በሚባሉት ኮረብታዎች ላይ ነው። እዚያ ከሥስ አፈር ሥር ወዲያው ድንጋይ ስላለ ማረሻው አልገባ ብሎ ነው የቀረው። ችግኝ ይዛችሁ እንዳትሄዱበት የምለምነው ይሄንኑ መሬት ነው።