በኦሲዲ የድጋፍ ቡድን ውስጥ ማረጋገጫ ለምን አይሰጥም?

ኦሲዲ፣ ማለትም ያልተፈለገ ሐሳብ እየተመላለሰ የሚያስጨንቅበትና አንድን ነገር ደጋግሞ የሚያስደርግ የአእምሮ ሕመም፣ ያለባቸው ሰዎች እርስ በርስ የሚደጋገፉባቸው ብዙ ቡድኖች አዲስ ገቢን ግራ የሚያጋባ ደንብ አላቸው። አንዱ «እጄ ንጹሕ ይመስላችኋል?» ብሎ ቢጠይቅ፣ «አዎ፣ ንጹሕ ነው» አይባልም። ጭካኔ ይመስላል። አይደለም።

ሕመሙ እንዲህ ነው የሚሠራው። ያልተፈለገ ሐሳብ ይመጣል፤ ጭንቀት ይከተላል። ሰውየው ጭንቀቱን ለማብረድ ይታጠባል፣ በሩ መቆለፉን ደጋግሞ ያያል ወይም ሰው ይጠይቃል። ለጊዜው ቀለል ይለዋል። ችግሩም እዚህ ላይ ነው። አእምሮው «የተረጋጋሁት ስለጠየቅኩ ነው» ብሎ ይይዛል፤ ጥርጣሬው ትንሽ ቆይቶ ይመለሳል። ስለዚህ ደጋግሞ መጠየቅም እንደ መታጠቡ የሕመሙ አካል ነው። «ይህን ማሰቤ ኃጢአት ይሆን?» እያለ ንስሐ አባቱን በየቀኑ የሚያስጨንቅ ሰውም እዚሁ አዙሪት ውስጥ ሊሆን ይችላል።

ታዲያ ዝም ይባላል? በፍጹም! «ጥርጣሬው እንደከበደህ ይገባኛል። እስኪበርድ አብረንህ ነን» ይባላል። ይህ በሕክምናው ፍርሃትን ሳይሸሹ መጋፈጥ፣ የለመዱትን ምላሽም መተው ከሚባለው ጋር አንድ ነው። የሥነ ልቦና ባለሙያው ቪክተር ሜየር እንግሊዝ ውስጥ የዚህን ሕክምና መነሻ ያሳተመው እ.ኤ.አ. በ1966 ነው።

እ.ኤ.አ. በ1981 አሜሪካ፣ ፊላደልፊያ የተጀመረው ጎል (GOAL) የተባለ የኦሲዲ ድጋፍ ቡድን ደግሞ አባላቱ እስከሚቀጥለው ስብሰባ የሚሞክሩትን ግብ እንዲመርጡ ያደርጋል። ይህን በጣም እወደዋለሁ፤ ወሬው ወደ ተግባር ይወርዳል።

ቡድን ሕክምናን አይተካም። ራሱን ለማጥፋት የሚያስብ ሰው ካለ ደግሞ ወዲያውኑ ባለሙያ ጋ መድረስ አለበት።