አፓቺ ዊኬት፦ የጃቫ ክላስና ኤችቲኤምኤል ጎን ለጎን

አፓቺ ዊኬት የድር መተግበሪያዎችን በጃቫ ለመሥራት የሚያገለግል፣ ኮዱ ለሁሉም ክፍት የሆነ ፍሬምወርክ (የፕሮግራም መሥሪያ ማዕቀፍ) ነው። ገጹ ተዘጋጅቶ የሚወጣው ከሰርቨር ሲሆን፣ እያንዳንዱ ገጽ አንዱ በሌላው ውስጥ ከተቀመጡ ኮምፖነንቶች (የገጽ ክፍሎች) ይገነባል። አንድ መስመር ጽሑፍም ሆነ ሊንክ፣ ሰንጠረዥም ሆነ ፎርም የየራሱ የጃቫ ኦብጀክት አለው። ዊኬት የሚለው የእንግሊዝኛ ቃል ካሉት ትርጉሞች አንዱ በትልቅ በር ላይ የተሠራች ትንሽ መግቢያ ነው፤ የአዲስ አበባን የግቢ በሮች የሚያውቅ ሰው ምን ዓይነት በር እንደሆነች ወዲያው ይገባዋል።

ፍሬምወርኩ በዘመኑ ከነበሩት እኩዮቹ የሚለየው በአንድ ጥብቅ አቋሙ ነው፤ ኤችቲኤምኤል ውስጥ የፕሮግራም ሎጂክ አይጻፍም። «ይህ ከሆነ ያንን አሳይ» የሚል ቅድመ ሁኔታም ሆነ ዝርዝር እየዞረ የሚያትም ሉፕ ቦታው ጃቫ ውስጥ ነው። አንድን ኮምፖነንት ከአንድ ገጽ ነቅሎ ሌላ ገጽ፣ አልፎም ሌላ ፕሮጀክት ውስጥ መትከል ቀላል የሆነው በዚህ አቋም የተነሳ ነው። ይህ ዳሰሳም በአብዛኛው የሚያተኩረው በኮምፖነንት አነዳደፍ ላይ ነው። የታሪክ ዓመቶቹ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ታሪክ

የጃቫ ድር ገጽ መሥሪያው ጄኤስፒ በ1999፣ ስትራትስ የተባለው ፍሬምወርክ ደግሞ በ2000 ከመጡ በኋላ አብዛኛው የጃቫ ድር ሥራ የሚሠራው በእነሱ ነበር። በጄኤስፒ ገጽ ላይ ኤችቲኤምኤሉ፣ ልዩ ታጎቹና አንዳንዴም የጃቫ ኮዱ ራሱ አንድ ፋይል ውስጥ ይቀላቀላሉ። ዲዛይነሩ ያሳመረውን ገጽ ፕሮግራመሩ ቆራርጦ ወደ ጄኤስፒ ይለውጠዋል፤ ከዚያ በኋላ ዲዛይነሩ ፋይሉን መልሶ በብራውዘር ከፍቶ ማረም ይቸግረዋል። ከዚህ ችግር መውጫ በመፈለግ ረገድ ታፔስትሪ የተባለው የሃዋርድ ሉዊስ ሺፕ ፍሬምወርክ ቀዳሚ ነው። ገጽን ከኮምፖነንት የመገንባት መንገድ በጃቫው ዓለም የተጠረገው በእሱ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ዊኬትን የጀመረው ጆናታን ሎክ ሲሆን ጊዜው ሚያዝያ 2004 ነበር። በዚያው ዓመት መጋቢት ወር የጃቫ ይፋዊ ስታንዳርድ የሆነው ጃቫ ሰርቨር ፌስስ 1.0 ወጥቶ ስለነበር፣ አዲሱ ፕሮጀክት የተወለደው ከትልልቅ ኩባንያዎች ድጋፍ ካለው ተፎካካሪ ጎን ነው። ያም ሆኖ ስሪት 1.0 በሰኔ 2005 ደረሰ። ኤልኮ ሂሌኒየስ፣ ማርታይን ዳሽሆርስት፣ ኢጎር ቫይንበርግና ዩርገን ዶነርስታግ በዚያ ዘመን ፕሮጀክቱን ተሸክመው ካቆሙት መካከል ናቸው። በ2006 የወጣው ስሪት 1.2 የአጃክስ ድጋፍን ይዞ መጣ፤ ፕሮግራመሩ አንድም መስመር ጃቫስክሪፕት ሳይጽፍ የገጹን ከፊል ማደስ ቻለ። በዚያው ዓመት ፕሮጀክቱ አዳዲስ ፕሮጀክቶች ወደሚያድጉበት የአፓቺ ፋውንዴሽን ማሳደጊያ (ኢንኩቤተር) ገባ፤ በሰኔ 2007 ደግሞ ራሱን የቻለ ሙሉ የአፓቺ ፕሮጀክት ሆነ።

የዚህ ዘመን ትልቁ ውሳኔ ግን ስሪት 2.0ን መተው ነው። የ2.0 ቅርንጫፍ ሁለት ነገሮችን አንድ ላይ ይዞ ነበር፤ አንደኛው የጃቫ 5 ጀነሪክስ (የመረጃን ዓይነት በኮዱ ላይ ለይቶ መጻፊያ ዘዴ)፣ ሁለተኛው የኮንስትራክተሩ (ኦብጀክት ሲፈጠር የሚሠራው ኮድ) ለውጥ። በአዲሱ አሠራር ኮምፖነንት ሲፈጠር ወላጁን በኮንስትራክተሩ ይቀበላል፤ «አድ» ብሎ በኋላ መጨመር ይቀራል። ሐሳቡ ጥሩ ጎን ነበረው፤ ኮምፖነንቱ ገና ሲወለድ ኤችቲኤምኤሉ የት እንደሆነ ያውቃል። ነገር ግን ነባሩን ኮድ ሁሉ የሚሰብር ነበር፤ ሁለት ቅርንጫፎችን ጎን ለጎን ማስኬዱም የሠራተኞቹን ጉልበት ጨረሰ። በ2007 ቅርንጫፉ ተዘጋ። ውሳኔው ትክክል ነበር፤ ከ2.0 የተረፈው በጎ ሥራ በጥር 2008 በወጣው 1.3 እና ጀነሪክስን ባስገባው የሐምሌ 2009 ስሪት 1.4 ውስጥ ቦታ አግኝቷል፤ ተጠቃሚውም ኮዱን እንደገና ከመጻፍ ድኗል።

ከዚያ በኋላ በመስከረም 2011 ስሪት 1.5፣ በመስከረም 2012 አጃክሱን ጄክዌሪ በተባለው የጃቫስክሪፕት ቤተ መጻሕፍት ላይ ያቆመው 6፣ በ2015 ስሪት 7፣ በ2018 የጃቫ 8 ላምዳን (አጭር የፈንክሽን አጻጻፍ) የተቀበለው 8፣ በ2020 ስሪት 9፣ በ2024 ደግሞ ጃቫ 17ን የሚጠይቀው 10 ተከታትለው ወጥተዋል።

ሁለት ፋይል፣ አንድ ኮምፖነንት

በዊኬት የራሱ ገጽታ ያለው ኮምፖነንት ሁለት ፋይሎች አሉት፤ የጃቫ ክላሱና በዚያው ፓኬጅ ውስጥ በተመሳሳይ ስም የተቀመጠው ኤችቲኤምኤል። ሁለቱን የሚያገናኛቸው ኤችቲኤምኤሉ ላይ የሚጻፈው «ዊኬት አይዲ» የተባለ መለያ ብቻ ነው። ፋይሎቹ ጎን ለጎን በመሆናቸው ኮምፖነንቱ ሲኤስኤሱን፣ ጃቫስክሪፕቱንና ምስሎቹን ሳይቀር ይዞ በአንድ የጃር ፋይል ይታሸጋል። ሌላ ፕሮጀክት ያንን ጃር ሲጨምር ኮምፖነንቱ ሙሉ ሆኖ ይመጣል፤ ወደተለየ የቴምፕሌት ማኅደር የሚገለበጥ ነገር የለም።

የዚህ ዋጋ ደግሞ አለ። በጃቫ በኩል የተሠራው የኮምፖነንቶች ዛፍና በኤችቲኤምኤሉ ያለው የታጎች አደረጃጀት መመሳሰል አለባቸው። ዲዛይነሩ አንድን ሳጥን ከአንድ ክፍል አውጥቶ ሌላ ውስጥ ቢያስገባ፣ ጃቫው ካልተከተለ ገጹ በስህተት መልእክት ይቆማል። ጀማሪን በጣም የሚያደክመው ይህ ነው። ስሪት 7 «ኪው» የሚባል ዘዴ አመጣ፤ ፕሮግራመሩ ኮምፖነንቶቹን ወረፋ ያስይዛቸዋል፣ ማን በማን ውስጥ እንደሚገባ ደግሞ ዊኬት ከኤችቲኤምኤሉ ያነባል። ስህተቱ ቶሎና በግልጽ መታየቱ ግን ጥቅም ነው፤ በዝምታ የተሳሳተ ገጽ ከሚወጣ ቆሞ መናገሩ ይሻላል።

ከሁሉም በላይ የሚሠራበት ዓይነት ፓነል ነው። የፓነል ኤችቲኤምኤል «ዊኬት ፓነል» በሚባል ታግ ይታቀፋል፤ ከታጉ ውጭ ያለው ሲታተም ይጣላል፣ «ዊኬት ሄድ» ውስጥ ያለው ብቻ ወደ ገጹ ራስጌ ይወሰዳል። ስለዚህ ዲዛይነሩ በዙሪያው ሙሉ የገጽ አካል አስቀምጦ ፋይሉን ያለ ሰርቨር በብራውዘር ከፍቶ ማየት ይችላል። የናሙና መረጃም በ«ዊኬት ሪሙቭ» ታግ ውስጥ ሊያስቀምጥ ይችላል፤ ዲዛይነሩ ያየዋል፣ ተጠቃሚው ጋ ግን አይደርስም። ቦርደር የሌላውን ይዘት ዙሪያውን ያለብሳል፤ ርዕስና ክፈፍ ያለው ሳጥን ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው። ፍራግመንት ኤችቲኤምኤሉ እዚያው ገጹ ፋይል ውስጥ የሚቀመጥ ትንሽ ቁራጭ ስለሆነ ከገጹ ወጥቶ አያገለግልም። የገጾች የጋራ ገጽታ በውርስ ይሠራል፤ ወላጁ ገጽ «ዊኬት ቻይልድ» ብሎ ክፍት ቦታ ይተዋል፣ ልጁ «ዊኬት ኤክስቴንድ» ብሎ ይሞላዋል።

ሞዴልን ከውጭ መቀበል

ተደጋግሞ የሚያገለግል ኮምፖነንት የሚበላሸው ብዙ ጊዜ በኤችቲኤምኤሉ ሳይሆን መረጃውን በሚቀበልበት መንገድ ነው። ጥሩ ፓነል በኮንስትራክተሩ የሚቀበለው መለያውንና ሞዴሉን ነው፤ ደንበኛውን ወይም ዕቃውን ራሱን አይቀበልም። ሞዴል ማለት «መረጃው ሲያስፈልግህ ከዚህ ጠይቅ» የሚል አድራሻ ነው። ኦብጀክቱ በቀጥታ ከተሰጠ ከገጹ ጋር ይከማቻል፤ በዳታቤዙ የተለወጠው በገጹ ላይ አሮጌ ሆኖ ይቀራል፣ ገጹም ይከብዳል። ለዳታቤዝ መረጃ የሚመከረው በየጥያቄው መረጃውን ጭኖ፣ ጥያቄው ሲያልቅ የሚለቀው «ሎደብል ዲታችብል ሞዴል» ነው። ከስሪት 8 ወዲህ ለንባብ ብቻ የሚሆን ሞዴል በአንድ መስመር ላምዳ ይጻፋል።

የቀን መሙያን እንመልከት። የኢትዮጵያን ዘመን አቆጣጠር የሚጠቀም ቢሮ ለፎርሞቹ ሁሉ አንድ ዓይነት የቀን መሙያ ያስፈልገዋል፤ ቀን፣ ከመስከረም እስከ ጳጉሜ 13 ወራት ያሉት መምረጫ፣ ዓመት። በዊኬት ይህ «ፎርም ኮምፖነንት ፓነል» ይሆናል፤ በውስጡ ሦስት ሳጥኖች ቢኖሩትም ለውጭው ዓለም አንድ ሳጥን ነው። ሊታተም ሲል ከሞዴሉ የተለመደውን የጃቫ ቀን ወስዶ ለሦስቱ ያከፋፍላል፤ ፎርሙ ሲላክ «ኮንቨርት ኢንፑት» በሚባለው ሜቶድ ሦስቱን መልሶ አንድ ቀን ያደርጋል። የቀን ስሌቱን ከባዶ መጻፍ አያስፈልግም፤ ጆዳ ታይምም ሆነ ስሪተን ኤክስትራ የተባለው የጃቫ ቤተ መጻሕፍት የኢትዮጵያን አቆጣጠር ይዘዋል። ዳታቤዙ የሚያውቀው አንድ ቀን ብቻ ይሆናል፤ የፎርሙ ባለቤትም በውስጡ ስንት ሳጥን እንዳለ ማወቅ አይጠበቅበትም።

ንድፉ ላይ ጥንቃቄ የሚሻው ይህ የመጨረሻው ነው። የውስጥ ሳጥኖቹን ለውጭ ሰጥቶ «እንዳሻችሁ አስተካክሉ» ማለት ኮምፖነንቱን ነገ እንዳይለወጥ ያስረዋል። አማራጭ መስጠት ካስፈለገ የወር መምረጫውን የሚፈጥር፣ ወራሽ ክላስ ሊተካው የሚችል አንድ ሜቶድ ማዘጋጀት ይበቃል። በአጃክስ መታደስ ያለበት ኮምፖነንትም የኤችቲኤምኤል መለያ እንዲወጣለት ትእዛዙን ራሱ ውስጥ ይያዝ፤ ለሚጠቀምበት ሰው ከተተወ ይረሳል። ከስሪት 9 ወዲህ ደግሞ ኤችቲኤምኤሉ ላይ በቀጥታ የተጻፈ ጃቫስክሪፕት በነባሪው የደህንነት ፖሊሲ በብራውዘሩ ስለሚታገድ፣ የቆዩ ፓነሎች መታረም ነበረባቸው።

ቋንቋና ፊደል

ዊኬት ለየቋንቋው የተለየ ፋይል ይቀበላል። በፋይሉ ስም መጨረሻ የአማርኛው ኮድ «ኤኤም» ሲጨመር፣ ቋንቋው አማርኛ የሆነ ተጠቃሚ ያንን ያገኛል፤ ከሌለ ዋናው ይወጣል። ይህ ለመልእክት ፋይሎች ብቻ ሳይሆን ለኤችቲኤምኤሉም ይሠራል። መልእክት ሲፈለግ ፍለጋው የሚጀምረው ከውጭ፣ ከገጹ ነው፤ ስለዚህ በጃር ታሽጎ የመጣ ፓነል «አስገባ» የሚለውን ቁልፍ ገጹ «መዝግብ» ብሎ ሊተካው ይችላል፣ ጃሩ ሳይነካ።

የግዕዝ ፊደል በ1999 በወጣው ዩኒኮድ 3.0 (ለዓለም ፊደላት ቁጥር የሚሰጠው ስታንዳርድ) ውስጥ ቢገባም፣ የጃቫ የመልእክት ፋይሎች እስከ ጃቫ 9 ድረስ የሚነበቡት በላቲን ኮድ ነበር። እያንዳንዱን ፊደል በቁጥር መጻፍ ያስፈልግ ነበር፤ «ሰላም» እንኳ ሦስት የማይነበቡ ቁጥሮች ይሆናል። ዊኬት በኤክስኤምኤል የተጻፈ የመልእክት ፋይል በመቀበሉ፣ ኋላም በስሙ ውስጥ «ዩቲኤፍ8» (የዩኒኮድ አጻጻፍ ኮድ) ያለበትን ፋይል በዚያው ኮድ በማንበቡ አማርኛ በአማርኛነቱ ተጻፈ። ለኤችቲኤምኤል ፋይሎቹም የኮድ ዓይነቱን በመተግበሪያው ማስተካከያ ላይ ዩቲኤፍ-8 ብሎ መወሰን ይገባል፤ ካልሆነ በአንዱ ማሽን የሚነበበው በሌላው የጥያቄ ምልክት ሆኖ ይወጣል።

ክርክሩና ፈተናው

ዊኬት ገጹን ከነኮምፖነንቶቹ በሰርቨር ያስቀምጣል፤ በአድራሻው መጨረሻ የምትታየው ቁጥር የዚያ ገጽ መለያ ናት፣ የብራውዘሩ የ«ተመለስ» ቁልፍ በትክክል እንዲሠራም ታግዛለች። ይህ ማኅደረ ትውስታ ይበላል የሚል ትችት ለረጅም ጊዜ ሲሰነዘር ቆይቷል። ትችቱ በከፊል እውነት ሊሆን ይችላል፤ ነገር ግን አሮጌ ገጾች ወደ ዲስክ ስለሚወርዱና ሞዴሎቹ በአግባቡ ከተለቀቁ ገጹ ቀላል ስለሚሆን ጥፋቱ ብዙ ጊዜ የፕሮግራመሩ እንጂ የፍሬምወርኩ አይደለም። ሥራውን ወደ ብራውዘሩ ካዞሩት የጃቫስክሪፕት ፍሬምወርኮች ጋር ሲወዳደር የትኛው ይበልጣል የሚለው እንደ ሥራው ዓይነት ይለያያል ይባላል።

ብዙ የማይነገርለት ጠንካራ ጎኑ «ዊኬት ቴስተር» ነው። ኮምፖነንቱ ጃቫ ስለሆነ ያለ ብራውዘርና ያለ ሰርቨር፣ በተራ የዩኒት ቴስት (አንድን የኮድ ክፍል ለብቻው በሚፈትሽ ኮድ) ይፈተናል። ከላይ ያየነው የቀን መሙያ ብቻውን ተጀምሮ፣ ሳጥኖቹ ተሞልተው ፎርሙ ይላካል፤ ጳጉሜ 6 ቀን 2015 ዓ.ም. ተቀባይነት አግኝቶ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መስከረም 11 ቀን 2023 መሆኑ፣ ጳጉሜ 6 ቀን 2016 ዓ.ም. ደግሞ ከስህተት መልእክት ጋር መመለሱ በጥቂት መስመር ይረጋገጣል።