ቾክ ምንድን ነው? ጠዋት ጠዋት የሚያስቸግር መኪናስ ምን ነክቶት ነው?

ጠዋት ቁልፉን ስታዞሩት ይነሳል፤ ግን ይንቀጠቀጣል። ማርሽ አስገብታችሁ ነዳጅ ስትረግጡ እምቢ ይላል። አንዳንዴም ድርግም ብሎ ይጠፋል። ሁለት ሦስቴ አስነስታችሁ፣ እየተነጫነጫችሁ እዚህ ሐዋሳ አቶቴ ሰፈር ስትደርሱ ግን ምንም እንዳልነበረ ይሆናል። ጋራዥ ሲገባማ ጨዋ ነው። መካኒኩ "ይሄ ምኑ ነው የታመመው?" ብሎ እናንተኑ ያያችኋል።

"ሐዋሳ ላይ ደግሞ ምን ብርድ አለ?" የሚሉኝ አሉ። ለሞተር ብርድ ማለት ውርጭ አይደለም። በሥራ ላይ ያለ ሞተር ውሃው ወደ 90 ዲግሪ ይጠጋል። ሐይቅ ዳር ውጭ ያደረ መኪና 15 ዲግሪ ላይ ቢሆን ለእሱ ብርድ ነው።

ነገሩ የሚጀምረው ከቤንዚን ጠባይ ነው። ቤንዚን ፈሳሽ ሆኖ አይነድም፤ የሚነደው ትነቱ ነው። በሞቀ ሞተር 1 ኪሎ ቤንዚን ወደ 14.7 ኪሎ አየር ሲያገኝ በደንብ ይቃጠላል። ሞተሩ ቀዝቃዛ ከሆነ ግን ከቤንዚኑ ከፊሉ ሳይተን በብረቱ ግድግዳ ላይ ተለጥፎ ይቀራል። ምጣዱ ሳይሰማ ሊጥ ማፍሰስ ማለት ነው፤ እንጀራው ዓይን አያወጣም። ስለዚህ ሞተሩ እስኪሞቅ ድረስ ከወትሮው የበዛ ቤንዚን ይፈልጋል።

ቾክ የመጣው ለዚህ ነው። ቤንዚንና አየር የሚቀላቅለው ካርቡራተር አፍ ላይ ያለች ክዳን ናት። ስትዘጋ አየሩን ታንቃለች፤ አየሩ ሲቀንስ ቤንዚኑ ይበዛል። ላዳ የነዳ ሰው ከዳሽቦርዱ ሥር የምትሳበዋን እጀታ አይረሳትም። ካርቡራተር ያላቸው ሞተር ብስክሌቶች ላይ ዛሬም አለች። ስቦ መመለስ የረሳ ሰው ደግሞ ጥቁር ጭስ እየለቀቀ፣ ቤንዚኑን በብልጭታ የሚያቀጣጥለውን ካንዴላ እያጠቆረ ይሄዳል።

አሁን የምንነዳቸው አብዛኞቹ መኪኖች ይህቺ እጀታ የላቸውም። ሥራዋ ግን አልቀረም፤ ኮምፒውተሩ ወርሶታል። ኮምፒውተሩ ሞተሩ መቀዝቀዙን የሚያውቀው አውራ ጣት በምታክል የውሃ ሙቀት ሴንሰር ነው። ሴንሰሯ "ብርድ ነው" ስትለው ቤንዚን ይጨምራል፣ ሚኒሞውንም (ነዳጅ ሳይረገጥ ሞተሩ የሚዞርበትን ፍጥነት) ከፍ ያደርጋል።

ሴንሰሯ ከተበላሸች በሁለት መንገድ ትዋሻለች። ሞተሩ ቀዝቅዞ ሳለ "ሞቋል" ካለች ቤንዚኑ ያንሳል፤ ጠዋት መንቀጥቀጥና መጥፋት ይመጣል። ሞቆ ሳለ "ቀዝቃዛ ነው" ካለች ደግሞ ቤንዚን ይበላል፣ ጭሱ ይጠቁራል። ሁልጊዜ ጥፋቱ የእሷ ነው ማለት አይደለም። የተሰነጠቀ የአየር ቱቦ ጎማ ወይም የደረቀ ጋስኬት (በብረቶች መጋጠሚያ መካከል የሚገባ ማሸጊያ) ሲቀዘቅዝ አየር ያስገባል፤ ሲሞቅ ብረቱም ጎማውም ይለጠጥና ክፍተቱ ይጠባል። የአየር ማስገቢያው ውስጥ የተጋገረ ጥቀርሻም ሚኒሞ ያበላሻል።

አንድ የሚያናድደኝ ነገር አለ። "አገራችን ሙቀት ነው" ተብሎ ቴርሞስታት ተነቅሎ ይጣላል። ቴርሞስታት ሞተሩ እስኪሞቅ ድረስ ውሃው ወደ ራዲያተር እንዳይሄድ የሚዘጋ በር ነው። በሩ ከሌለ ውሃው ገና ከመነሻው በራዲያተር እየዞረ ይቀዘቅዛል። ሻሸመኔ ድረስ ነድታችሁም የሙቀት መርፌው ታች ሊሆን ይችላል። ኮምፒውተሩም ብርድ መስሎት ቤንዚኑን ማብዛቱን አይተውም። መኪናው የሚግለው በሌላ ምክንያት ከሆነ ያን ምክንያት መፈለግ እንጂ በሩን መንቀል ምን ይሉታል?

የናፍጣ ሞተር ሌላ ታሪክ ነው። ቾክ የለውም፤ ጠዋት ካስቸገረ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ከመነሳቱ በፊት ሲሊንደሩን የሚያሞቀው የኤሌክትሪክ ማሞቂያ ነው።

ምርመራው ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳተው መኪናውን ነድቶ ጋራዥ መሄዱ ነው። እዚያ እስኪደርስ ሞተሩ ሞቋል፤ ሕመሙም አብሮ ጠፍቷል። መኪናው ማታውኑ ጋራዥ ይደር። ጠዋት ከመነሳቱ በፊት መካኒኩ የምርመራ መሣሪያውን ሰክቶ ሁለት ቁጥር ያንብብ፤ የውሃውንና ወደ ሞተር የሚገባውን አየር ሙቀት። ሌሊቱን የቆመ መኪና ላይ ሁለቱ መቀራረብ አለባቸው። አየሩ 16፣ ውሃው 70 ካለ አንዷ ሴንሰር ዋሽታለች።

እኔ ይህን ሳላውቅ አራት ካንዴላ ቀይሬያለሁ። ፊልትሮም አስቀይሬያለሁ። ከዚያም መኪናዋን ለአንድ መካኒክ አሳድሬ ጠዋት 1 ሰዓት ላይ አብሬው ቆምኩ። ሴንሰሯን ፈታና የኤሌክትሪክ መቋቋሟን በቴስተር ለካ። በ20 ዲግሪ ገደማ የአብዛኞቹ ከ2,000 እስከ 3,000 ኦም ነው፤ ሲሞቁ ይቀንሳል። የእኔዋ 400 አካባቢ አነበበች። "ይቺ እኮ ገና ሳትነሳ ሞቄያለሁ እያለች ነው" አለኝ፣ እየሳቀ።