ጭስ ማውጫ ሲባል የትኛው?

ደብረ ብርሃን ውስጥ «ጭስ ማውጫው ተደፍኗል» ብትሉ አንዱ መካኒክ ይጠራላችኋል፣ ሌላው መሰላል ይዞ ጣሪያ ላይ ይወጣል። ሁለቱም ልክ ናቸው። የመኪናው ቱቦም፣ የፋብሪካው ረጅም ግንብም፣ የማድቤቱ ቧንቧም በአማርኛ ጭስ ማውጫ ነው። የመኪናውን ለመለየት ብዙ ሰው ማርሚታ ይላል፤ ማርሚታ ግን ድምፅ የሚያፍነው ክፍል ብቻ ነው።

እኔን የሚያሳስበኝ የማድቤቱ ነው። ብዙ ቤት ግድግዳው ላይ ቀዳዳ ይተውና «ጭስ ማውጫ አለን» ይባላል። ቀዳዳ ብቻውን ጭስ አይስብም። ነፋስ ሲዞር እንዲያውም መልሶ ያስገባዋል። ቱቦ የሚሠራው ሞቃት አየር ቀላል ስለሆነ ነው፤ ወደ ላይ ሲወጣ ከታች ሌላ አየር ይጎትታል። ስለዚህ ቁመት ይፈልጋል፣ ጫፉም ከጣሪያው አናት በላይ መሆን አለበት። የመንዝ የሣር ክዳን ጭሱን በትንሽ በትንሹ ያሳልፈው ነበር። ቆርቆሮ አያሳልፍም። የእናቴ ማድቤት ቆርቆሮ በለበሰ በመጀመሪያው ክረምት ማገሩ በጥቀርሻ ጠቆረ፤ እሷም ኩበት በማገደች ቁጥር ዓይኗን በነጠላዋ ጫፍ ትጠርግ ነበር።

ቱቦውን በየጊዜው ጥረጉት። ጥቀርሻ ይደፍነዋል፣ እሳትም ሊይዝ ይችላል።

ደግሞ ከሰል ጭስ የለውም ማለት መርዝ የለውም ማለት አይደለም። ከሰል ሲነድ የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል መርዛማ ጋዝ አይታይም፣ አይሸትም። የታኅሣሥ ውርጭ ቢጠናባችሁም የከሰል ምድጃ መኝታ ቤት አስገብታችሁ በር ዘግታችሁ አትተኙ።