ወደ ሲፍኖስ ለመሄድ ላሰበ፦ የሚባለውና እውነታው

የግሪክ ደሴት ሲባል ብዙዎቻችን ትዝ የሚለን ሳንቶሪኒ ነው። ማረፍ ለሚፈልግ ሰው ግን እንደ ሲፍኖስ ያለች ትንሽ ደሴት ትሻላለች። ስለ እነዚህ ደሴቶች የሚወራው ሁሉ ግን ልክ አይደለም።

«በአውሮፕላን ቀጥታ ይገባል።»
ሲፍኖስ ኤርፖርት የላትም። አቴንስ ወርዶ ከፒሬዎስ ወደብ መርከብ መያዝ ነው። ፈጣኑ ሦስት ሰዓት ገደማ ይፈጃል፤ ዘገምተኛው አምስት ሰዓት አካባቢ። እኔ ዘገምተኛውን እመርጣለሁ። ዋጋው ረከስ ይላል፣ ውጭ ቁጭ ብሎ ባሕሩን እያዩ መሄድም ይቻላል።

«የአውሮፓ መኖሪያ ፈቃድ ያለውም ቪዛ ያስፈልገዋል።»
ጀርመን ወይም ጣሊያን የመኖሪያ ፈቃድ ላለው አያስፈልገውም፤ ግሪክም እነሱም በአንድ ቪዛ የሚገባባቸው የሸንገን አገሮች ናቸው። የዱባይ ወይም የእንግሊዝ ፈቃድ ግን በኢትዮጵያ ፓስፖርት ለሚጓዝ ሰው አያገለግልም።

«ኦገስት ምርጡ ወር ነው።»
ጁላይና ኦገስት መልቴሚ የሚሉት የሰሜን ነፋስ የሚነሳበት ጊዜ ነው። ነፋሱ ሲበረታ መርከቦች ከወደብ እንዳይወጡ ይታገዳሉ። ስለዚህ የመጨረሻዋን ሌሊት አቴንስ ማደር ነው፤ ከደሴቷ በወጡበት ቀን ለመብረር ትኬት መቁረጥ ቁማር ነው። በዚያ ላይ ግሪኮች የእመቤታችንን በዓል ኦገስት 15 ያከብራሉ፤ የአቴንስ ሰው ሁሉ ወደ ደሴት ይጎርፋል፣ አልጋም ይጠፋል። ሴፕቴምበር ላይ ባሕሩ ገና ሙቅ ነው፣ ሰዉም ቀለል ይላል።

«በሳምንት አምስት ደሴት ማዳረስ ይቻላል።»
ይቻላል። ማረፍ ግን አይባልም።

«ጾመኛ ምን ይበላል?»
ይህን የሚል ሰው ሬቪታዳን አልቀመሰም። ቅዳሜ ማታ ሽምብራ፣ ሽንኩርትና የወይራ ዘይት በሸክላ ድስት ተደርጎ በእንጨት የሚነድ ምድጃ ውስጥ ይገባል። ሌሊቱን ሙሉ ቀስ እያለ ሲበስል ያድራል። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሎሚ ተጨምቆበት ይበላል። ምግብ ቤቶችም ያቀርቡታል፤ አርፍዶ የሄደ ግን አልቋል ሊባል ይችላል። ብቻ «የጾም ነው» ሲሉ መጠየቅ ነው። ግሪኮች ደም የለውም ብለው ኦክቶፐስና ሽሪምፕ በጾም ይበላሉ።

«መኪና ሳይከራዩ አይሆንም።»
መርከቡ ከሚያወርድበት ከካማሬስ ወደብ ወደ ዋና ከተማዋ አፖሎኒያ አውቶቡስ አለ፤ ከዚያም ወደ ካስትሮ መንደርና ወደ ባሕር ዳርቻዎቹ። በድንጋይ የተነጠፉ የእግር መንገዶችም ሞልተዋል።

«ሆቴሉ ጥሩ ከሆነ ቧንቧውም ጥሩ ነው።»
የመጸዳጃ ወረቀት ብዙ ቦታ መቀመጫው ውስጥ አይጣልም። ቧንቧው ቀጭን ስለሆነ ይደፈናል፤ አጠገቡ ያለችው ቅርጫት ለዚያ ነው የተቀመጠችው።